የሞዘል ሪዝሊንግ ለዶሮ ወጥ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጀርመን የምትኖር እህቴ ለበዓል ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ጠጅ አምጥታልኛለች። በላዩ ላይ «ሞዘል»፣ «ሪዝሊንግ»፣ «ካቢኔት» የሚሉ ቃላትና 8.5 በመቶ አልኮል እንዳለው ተጽፎበታል። ከዶሮ ወጥ ጋር ላቀርበው አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ነጭ ወይን ለዓሣ ብቻ ነው ይላል። ምን ይመክሩኛል?
(አንባቢ፣ ከጎንደር አዘዞ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ የጠቀሱት ልማድ በርበሬ በማያውቅ ገበታ ላይ የወጣ በመሆኑ ለእኛ ወጥ ብዙም አይረዳም። እዚህ ላይ ወሳኙ የወይኑ ቀለም ሳይሆን በውስጡ የቀረው ስኳርና የአልኮሉ መጠን ነው።

ሪዝሊንግ የወይን ፍሬ ዝርያ ሲሆን፣ እስካሁን በሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ በ1435 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሩስልስሃይም ከተማ ተጠቅሷል። በሞዘል ወንዝ ዳርቻ፣ ሰው ቆሞ ለመሥራት በሚቸገርበት ገደላማ ቦታ፣ በስሱ በሚሰነጠቅ ግራጫ ድንጋይ ላይ ይተከላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑም ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን አይለቅም። «ካቢኔት» የሚለው በአዝመራው ወቅት ፍሬው የነበረውን የስኳር መጠን እንጂ የወይኑን ጣፋጭነት አይገልጽም። ለዚህ የአልኮሉን መጠን ይመልከቱ፦ 8.5 በመቶ ማለት ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ሳይለወጥ ፍላቱ ተገትቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ጠርሙስ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። «ትሮክን» (በጀርመንኛ «ደረቅ»፣ ማለትም የማይጣፍጥ) የሚል ቢሆን ኖሮ ስኳሩ በሊትር ከ9 ግራም አይበልጥም፣ አልኮሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ11 በመቶ በላይ ይሆን ነበር፤ ያኛው በሎሚና በጨው ብቻ ለተጠበሰ የጣና ዓሣ ይሻላል።

ለዶሮ ወጥ ግን የእርስዎ ጠርሙስ ተስማሚ ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ምላስ ላይ የሙቀት ስሜት የሚቀበለውን ነርቭ ይበልጥ ስለሚያነሣሣው፣ ጠንካራ ወይን ከወጥ ጋር የጠጣ ሰው ላብ በላብ ቢሆን አያስደንቅም። በተለይ ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳ የሚያገኘው ድድ የሚይዝ ምሬት ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይከርራል። በአንጻሩ አነስተኛ አልኮልና ጥቂት ስኳር ማቃጠሉን ያበርዳሉ፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ በንጥር ቅቤ የተሸፈነውን አፍ ያጥባል። ለረጅም ሰዓት ሲቁላላ የዋለው ሽንኩርት የሚሰጠው ጣፋጭነትም ከወይኑ ጋር ይገጥማል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጎን ቦታውን ያላጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሪዝሊንጉ ግን ከጠጅ ይልቅ ቀለል ይላል።

በአዋዜ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቀይ ወጥና አይብም አብረውት ይሄዳሉ። ክትፎን ግን አልመክርም፤ ጥሬ ሥጋውና ሚጥሚጣው ወይኑን ይውጡታል። ከኬክ ጋርም አያቅርቡት፤ ከወይኑ የሚጣፍጥ ምግብ ሲቀድም ወይኑ ኮምጣጣ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከማቅረብዎ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው፣ በረዶ ግን አይጨምሩበት። የተረፈውን በደንብ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ካቆዩት ለሦስት ቀን ያህል ጣዕሙን ይጠብቃል።