ሽንኩርቱን በእረፍት ቀን ክተፉት

ከሥራ ስትገቡ ምሽት ሁለት ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ ርቧቸዋል። አንደኛው የፍሪጁን በር ከፍቶ ዝም ብሎ ያያል። «ምን ልሥራ?» ብላችሁ ማሰብ የምትጀምሩት በዚህ ሰዓት ከሆነ አለቀ፤ ስልክ አንስቶ ማዘዝ ነው።

እኔም ዓመታት እንደዚያ ኖሬያለሁ። ሙያ ያጣሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያጣሁት ጉልበት ነው። ዘመድ ልጅ በማይዝልህ አገር፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ለገባ ሰው ሽንኩርት መላጥ ራሱ ሦስተኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ወደ እረፍት ቀን አሻግሩት። በሽፍት የሚሠራ ሰው እሁድ የለውምና ማክሰኞም ይሁን።

ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አንዴ ክተፉና በትልቅ ድስት አቁላሉት። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ምግብ የሚበቃውን እየለያችሁ በላስቲክ ከረጢት አድርጉ። ከዚያ በእጃችሁ ጠፍጥፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሩት። ሲሳሳ ቶሎ ይቀልጣል። ቀኑን ጻፉበት፤ ከወር በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ነገር ነው የሚመስለው። ማታ አንዱን አውጥታችሁ ክክ ምስር ጨምሩበት። ምስር መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ልብስ ቀይራችሁ ልጆቹን እስክታጥቡ ማለት ነው።

ቀይ ቦሎቄ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ጥጄው ሥራ ሄድኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ማታ በልተን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ በሙሉ በተራ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያውክ ነገር አለ፤ ያ ድስት ደግሞ እሱን ለማጥፋት የሚበቃ ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ከዚያ እስኪበስል ቀጥሉ። የቆርቆሮው የበሰለ ስለሆነ አያሳስብም።

እግረ መንገዴን፣ የቆርቆሮና የፍሪዘር አትክልት መግዛት ነውር አይደለም። «ሁሉንም ከጥሬው ካልሠራሁ» የምትል እናት በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻለች። ጨው የበዛበትን ጥራጥሬ በውሃ አለቅልቁት፣ በቃ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል። ያ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ብዙ ስትሠሩ የምትሳሳቱት ማቀዝቀዝ ላይ ነው። ትልቅ ድስት ምድጃ ላይ አይደር። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። በሦስትና በአራት ቀን የማትጨርሱትን ያኔውኑ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።

አባቶች፣ ቢላዋው እናንተንም ያውቃችኋል። የሰባት ዓመት ልጅም ምስር ማጠብ ይችላል። የእኔዋ ካሮት አትነካም ነበር፤ ራሷ የፋቀችውን ግን ድስት ሳይገባ ግማሹን ትጨርሰዋለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሽንኩርቱን ብቻ ሞክሩ። ዓርብ ማታ እኛ ቤት አሁንም ፒዛ ይታዘዛል።