ድረ ገጹ በማን ስም ነው? የጂም ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ስለ ጂሞች መዝገብ አያያዝ በዚህ ዓምድ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጅማ አሠልጣኝና የጂም ባለቤት ሁሉ ጥያቄውን ይዞ መጣ። አንዱ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው፤ ሌላው «አፕ ስንት ነው?» ብቻ። ረጃጅሙን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ሰብስቤ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሄርማታ አካባቢ ጂም ያላቸው አንባቢ ሰማንያ የሚሆኑ አባላት አሏቸው፤ ሁሉም በደብተር ነው የተመዘገቡት። አንድ ባለሙያ «ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ ልሥራልዎ» ብሏቸው ዋጋውን ሲሰሙ እንቅልፍ አጥተዋል። ልግባበት ወይስ ልተወው ይላሉ።

አፑን ይተዉት። ሰማንያ ሰው አፕ ሊያወርድ፣ ስልኩ ሞልቶበት ፎቶ ሊያጠፋ፣ ፓስወርድ ሊረሳና ሊያስቀይር ነው፤ ይህ ሁሉ የኤሮቢክስ ሰዓት ለማየት? በስልክ ብራውዘር የሚከፈት ቀለል ያለ ድረ ገጽ ለየትኛውም ስልክ ይሆናል። በአፕ ከሄዱ ጎግል ፕሌይ ለመመዝገቢያ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃሉ፤ በየትኛው ካርድ እንደሚከፈል ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። መጀመሪያ የሚሠራልዎት ነገር ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ማን ከፈለ? የማን ጊዜ መቼ ያበቃል? ዛሬ ማን መጣ? ይህን ሳይሠራ የካሎሪ መቁጠሪያ የሚያሳይዎትን ባለሙያ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።

ጥያቄ፦ ከአጂፕ፣ የገጹ ቀለም ቀይ ይሁን ጥቁር?

የፈለጉትን ያድርጉት፤ ጽሑፉ ፀሐይ ላይ ይነበብ ብቻ።

ጥያቄ፦ የጅሬኗ አንባቢ «መስከረም በጠባ ቁጥር ከደንበኞቼ ጋር እጣላለሁ» ይላሉ። ዘመድ ከውጭ የላከላቸው የጂም ሶፍትዌር አለ። እሱ «ጊዜው አልቋል» ሲል አባላቱ «ገና ነው» ይላሉ፤ ማን ትክክል እንደሆነ ለእሳቸውም ግራ ገብቷቸዋል።

ከዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወደድኩት። ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሶፍትዌር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሰው ነሐሴ 25 የአንድ ወር ከፈለ እንበል። ወር ማለት 30 ቀን ነው ካላችሁ ጊዜው መስከረም 20 ያበቃል። «ከ25 እስከ 25» ካላችሁ ደግሞ መስከረም 25 ይሆናል፤ ጳጉሜ መሀል ገብታ ሰውየው 35 ቀን ሠራ ማለት ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ስሌት መስከረም 19 ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው 36 ቀን ይወጣዋል። ሶፍትዌሩስ? ለእሱ ነሐሴ 25 ኦገስት 31 ነው። አንድ ወር ሲደምርበት ሴፕቴምበር 31 የሚባል ቀን የለም። አንዱ ፕሮግራም ወደ ሴፕቴምበር 30 ይመልሰዋል፤ ሌላው ወደ ኦክቶበር 1 ያሻግረዋል። ስለዚህ እርስዎም፣ አባሉም፣ ሶፍትዌሩም በየራሳችሁ ስሌት ትክክል ናችሁ፤ ጠቡ የሚነሳውም ለዚያ ነው።

መድኃኒቱ «ወር» የሚለውን ከዋጋ ዝርዝሩ ማውጣት ነው። «30 ቀን»፣ «90 ቀን» ብለው ይሽጡ። ሥርዓቱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን በውስጡ ይያዝ፤ ለአባሉ ግን በእኛ አቆጣጠር ያሳየው፤ ሲከፍልም ማብቂያው ቀን በኤስኤምኤስ ይድረሰው። ጳጉሜን መስጠት ከፈለጉ ስጦታ ነው ብለው ያስታውቁ፤ የማይቀር ወጪ ከሆነ ምስጋናው እንኳ አይቅርብዎ። ሰዓቱንም አብረው ያስፈትሹ። «ጠዋት 12 ሰዓት» የሚለውን ክፍለ ጊዜ ሥርዓቱ እኩለ ቀን ብሎ ይዞት ከሆነ አባልዎ በባዶ ሆዱ ሌሊት ተነስቶ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ የመርካቶው ባለ ጂም ክፍያ የሚቀበሉት በቴሌብር ስክሪንሾት ነው። አንዳንዱ ስክሪንሾት «የተቀባባ» ሆኖ አግኝተውታል። በኢንተርኔት ያነበቡት መመሪያ ሁሉ ስትራይፕ የሚባለውን የውጭ የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት ተጠቀም ይላል።

ስትራይፕ ኢትዮጵያ ላለ ንግድ አይሠራም፤ መመሪያውን ይዝጉት። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ለነጋዴ የሚሰጠው መክፈያ ከድረ ገጽ ጋር ይያያዛል። እንደ ቻፓ፣ ሳንቲምፔይና አሪፍፔይ ያሉ አገናኝ ድርጅቶችም አሉ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ማቅረብዎ አይቀርም፤ በግል ቁጥር መቀበልን የለመደ ሁሉ እዚህ ላይ ፊቱን ያጠቁራል። ሠሪውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ አባሉ ከፍሎ ሲመለስ «ተሳክቷል» የሚለውን ገጽ አይተህ ነው የምታስገባው ወይስ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ራሱ የክፍያውን ቁጥር ይዞ የክፍያ ድርጅቱን ጠይቆ ነው? የመጀመሪያውን ካለ ስክሪንሾቱ መልኩን ቀይሮ መጣ እንጂ አልቀረም። የግብሩን ነገር ሒሳብ ሠራተኛ ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ያልከፈሉና የጠፉ አባላትን ስም በገጹ ላይ ማውጣት ያስባሉ፤ «አፍረው እንዲመጡ»።

አፍረው ሌላ ጂም ይሄዳሉ። አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከፈረንጅ አራዳ የመጣውን ደብዳቤ ሙሉውን ባወጣው ደስ ባለኝ፤ ቦታ የለም። ባጭሩ፦ የሰፈር ልጅ ድረ ገጽ ሠራላቸው፤ ጥሩም ነበር። ከዚያ ልጁ ሥራ አገኘና አዲስ አበባ ሄደ። አሁን ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳም «ማደሻ» ይላል። ገጹ ከተዘጋ ሳምንታት ሆነው። የአባላቱ ስልክ ቁጥር በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው።

ደብዳቤው ቢለያይም ታሪኩ ያው ነው፤ ይህች ከተማ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ግንበኛ ቀጥረን ቤት ስናሠራ ካርታውን በግንበኛው ስም አናወጣም። በድረ ገጽ ግን ያንኑ እናደርጋለን፤ ካርታ መኖሩን ስለማናውቅ።

ሆኖም ልጁን ሌባ ለማለት አይቸኩሉ። ዶት ኮም የሚል አድራሻ የሚሸጡት የውጭ ድርጅቶች በዶላር ካርድ ነው የሚከፈሉት። እርስዎ ካርዱ የለዎትም፤ እሱ ከዘመድ አግኝቶ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ፣ በራሱ ስም አስመዝግቦ ገዛልዎት። አድራሻ ደግሞ የዕድሜ ልክ ግዢ ሳይሆን የዓመት ኪራይ ነው። ዓመቱ ሲዞር ማስታወሻው የሚሄደው በእሱ ኢሜይል ነው። በሻጩ ድርጅት ዘንድ ባለቤት ማለት የተመዘገበው ሰው ነው፤ ጂሙን ማን እንደከፈተው አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። ክፋት ሳይኖር እንዲህ ሆነው የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ክፋት ሲጨመርበትማ ተዉት።

እንግዲህ ገና ያልጀመራችሁ ስሙኝ። ካርዱ የማንም ይሁን፣ መለያው (አካውንቱ) የሚከፈተው በእናንተ ኢሜይልና በእናንተ ስልክ ቁጥር ይሁን። ዶት ኢቲ የሚለውን ከመረጣችሁ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ይገኛል፤ የዶላሩ ጣጣ ይቀራል። ሰርቨሩም፣ የነጋዴ መክፈያውም፣ የቴሌግራም ቻናሉም፣ የፌስቡክ ገጹም እንዲሁ። ሠሪው ገብቶ እንዲሠራ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ይነሳበታል። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተጻፈበት ኮድ፣ በየክፍያው ምዕራፍ ይረከባል፤ «በመጨረሻ እሰጣለሁ» የሚባለው መጨረሻ አይመጣም። የአባላት ዝርዝር በወር አንድ ጊዜ ወደ ኤክሴል ወጥቶ በራሳችሁ ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ ተከፍቶም ይታይ። ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለ ተብሎ ሲከፈት ባዶ የሆነ ፋይል አይቻለሁ።

ውሉ ደግሞ ይጻፍ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ ገንዘቡን ስለከፈልኩ ኮዱ የኔ ነው ብሎ ከመተማመን የመብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ማስፈር ይሻላል። አንቀጹን ጠበቃ ይይላችሁ።

ለፈረንጅ አራዳው አንባቢ፦ መጀመሪያ አድራሻው በማን ስም እንዳለና መቼ እንዳለቀ ያስጣሩ። ዶት ኮም ካለቀ ወዲያው ለሌላ አይሸጥም፤ የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ግን ይጠብበታል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ለልጁ ሽማግሌ ይላኩበት። አልቀልድም፤ ከክስ ይፈጥናል፣ ወላጆቹም እዚሁ ናቸው ብለዋል። ተገቢውን ማደሻ ይክፈሉት፣ በምላሹ መለያው ወደ እርስዎ ይዙር፤ ከዚያ ተሰነባበቱ። የአባላቱን ቁጥር ግን አይጠብቁ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በር ላይ ሰው አስቀምጠው የሚገባውን ሁሉ ይመዝግቡ፤ የሚሠራ አባል በወር ውስጥ ማለፉ አይቀርም፤ ያላለፈው ቀድሞም አባል አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከጊንጆ፣ በዝናብ ቀን አባላት ቤታቸው እንዲሠሩ ቪዲዮ ብለቅስ?

ጥሩ ነው፤ ጅማ ላይ የዝናብ ቀን አይጠፋም። ግን የአባሉን የኢንተርኔት ጥቅል ያስቡ። በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት የሚጎትት ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ያው ሰዓት በድምፅ ብቻ፣ በ64 ኪሎቢት፣ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። እንቅስቃሴውን በሁለት ደቂቃ አጫጭር ቪዲዮ ያሳዩ፤ ቆጠራውንና ማበረታቻውን በድምፅ ይልቀቁ። አባሉ ቪዲዮውን አንዴ አውርዶ ደጋግሞ የሚያይበት መንገድ ይኑር። የሰው ዘፈን ከጀርባ አይክተቱ፤ ባለመብት አለው።

ጥያቄ፦ ቦሳ ቂጦ ሴቶችን የሚያሠለጥኑ አንባቢ ትልቅ ሐሳብ አላቸው። አባሏ ክብደቷን፣ የደም ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ እርግዝና መኖር አለመኖሩን ትሞላለች፤ ሥርዓቱ ደግሞ የሚስማማትን ስፖርት በራሱ ያወጣላታል። የ«በፊትና በኋላ» ፎቶም ይጨመርበታል።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስፖርት ሲሠራ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ትንፋሽን ይዞ ከባድ ብረት ማንሳት የደም ግፊትን ድንገት ያንረዋል። ይህን ሐኪም እንጂ ፎርም አይወስነውም። ሥርዓትዎ ጥቂት የአዎና የአይደለም ጥያቄ ይጠይቅ፦ ደረትሽን ያምሻል? ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? የልብ፣ የግፊት፣ የስኳር ሕክምና ላይ ነሽ? እርጉዝ ነሽ? አንዱ «አዎ» ከሆነ ምዝገባው ይቁም፤ የሐኪም ቃል እስኪመጣ አይቀጥል። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የጤና ባለሙያ ያማክሩ» ብሎ መለጠፍን አልቀበልም። የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ሐኪም ራቀ ማለት አንችልም። ይህን ካላደረጉ ገጹን አይክፈቱት።

ሁለተኛው ነገር ገመናው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። የግፊቱን ቁጥር ለምን ይፈልጉታል? የማይጠቀሙበትን አይሰብስቡ። «ሐኪም አይቷታል» የሚል አንድ ምልክት ይበቃዎታል። ፎቶውንማ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አንድም አይውጣ። ከባለቤቷና ከአማቷ ጋር የሚኖር ጣጣ ለእርስዎ አይነገርዎትም።

ጥያቄ፦ አንድ አባል ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እየተገኘ ነው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ስለቀላቀልን ይሆን?

ሁለቱንም ቋንቋ ያቆዩ፤ ጅማ ውስጥ አንዱን መተው ግማሽ ደንበኛን መተው ነው። ችግሩ በስም መፈለጋችሁ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ሲፈልግ አያገኝም፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። መለያው ስልክ ቁጥር ይሁን። በ09፣ በ07 ወይም በ251 ቢጀምርም ሥርዓቱ ወደ አንድ ዓይነት ይቀይረው።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ወጣት ለአጎቱ ጂም ሥርዓቱን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየታገዘ እየሠራ ነው፤ «ነውር አለው ወይ?» ይላል።

ምን ነውር አለው! ሥራው። ግን ሁለት ቦታ ላይ የወጣልህን ኮድ እንዳለ አትቀበል፦ ፓስወርድ የሚቀመጥበትና ክፍያ የሚረጋገጥበት። ፓስወርዱ እንዳለ ከተቀመጠ፣ እንደ ቢክሪፕት ባለ ወደ ኋላ በማይፈታ ዘዴ ሳይለወጥ ማለቴ ነው፣ ገና አልጨረስክም። ከአስተማሪዎችህ አንዱን አስይ። ሌላው፣ አድራሻውን ለመግዛት ስትቀመጥ አጎትህን አጠገብህ አስቀምጠው፤ ኢሜይሉን ራሱ ይጻፍ፣ የሚላከውም ኮድ በእሱ ስልክ ይግባ። ኢሜይል ከሌለው ዛሬውኑ አውጣለት።