ከድሬዳዋ ውጭ ምን አለ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የኖራ ድንጋይ ማውጫ በቅየሳ ሥራ ተቀጥሬ ከደብረ ብርሃን መጥቻለሁ። እሑድ እሑድ ከከዚራ ሰፈር ጥላ አልወጣም። ባልደረቦቼ «ከድሬ ውጭ ሙቀትና እሾህ እንጂ ምን አለ?» ይሉኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ የማየው ቦታ ይኖር ይሆን? ከምንስ ልጠንቀቅ?
ቀያሹ

መልስ፦ ልጄ፣ የባልደረቦችህ አባባል አናደደኝ። ጂኦግራፊ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ከተማሪዎቼ አፍ ስሰማ ደብተር አስዘግቼ ወደ ተራራው ይዣቸው እወጣ ነበር። አሁንም ጉልበቴ እሺ ቢለኝ አንተንም ይዤህ በወጣሁ።

ከምታውቀው ነገር ጀምር፤ ከድንጋዩ። በድማሚት የምታፈርሱት የኖራ ድንጋይ ይህ አገር ከባሕር በታች በነበረበት በጁራሲክ ዘመን የተደራረበ ዝቃጭ ነው። አዲስ የተሰነጠቀውን ፊት ጎንበስ ብለህ መርምረው፤ ዕድል ከቀናህ የዛጎል ቅርጽ ታገኛለህ፤ ጫፉን በጥፍርህ ብትነካው ጠርዙ ይታወቅሃል። የዝናብ ውኃ ይህንኑ ድንጋይ እያሟሟ ዋሻ ይፈለፍላል። በዙሪያችን ዋሻ የበዛው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ቀድመህ ፖርክ ኤፒክ የተባለውን ዋሻ እይ። ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደጫቱ ወንዝ ሸለቆ በላይ ገደሉ ላይ ይገኛል። ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደን ከጀብደኛው ጸሐፊ ከአንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር በ1929 እ.ኤ.አ. አገኙት፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ተቆፈረ። ከዚያ የወጣው ቀይ አፈር፣ ኦከር የሚባለው፣ ከ4,000 ቁራጭ በላይ ሲሆን ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ያንን አፈር ለቅመው አምጥተው በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። ማዕድን የምታወጣ ሰው ሆነህ እዚያ ሳትቆም ከድሬ ብትሄድ እኔ ነኝ የማዝነው። በግድግዳው ላይ የተሳለው ሥዕል ደብዝዟል፤ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሥ፣ እጅህን ግን አታሳርፍበት። መሬት ላይ የምታየውን፣ የጥንት ሰው የሠራውን ስለት ድንጋይም እንዳለ ተወው፤ ከተነሣ በኋላ ለተመራማሪ ምንም አይነግርም።

ሁለተኛው ሐርላ ነው፤ ወደ ሐረር አቅጣጫ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር። ነዋሪዎቹ በመንደሩ ያሉትን ግዙፍ ጥርብ ድንጋዮች ያነሡት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ሲሉ ኖረዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቁፋሮ የ12ኛ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታና ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዕቃ አወጣ። ሰው የረሳው የንግድ ከተማ ነበር ማለት ነው! እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ሰላም በል፤ ከኦሮምኛም ሰላምታውን እንኳ አጥንተህ ሂድ። ማሳ መካከል የቱ ድንጋይ የቱ እንደሆነ የሚያሳዩህ እነርሱ ናቸው። ለገ ኦዳ የተባለው ሌላው ዋሻ የከብት ሥዕሎች አሉት፤ ሩቅ ስለሆነ መኪና ስታገኝ ትሄዳለህ።

ጥንቃቄውን በተመለከተ፣ ሙቀቱ የሚሸነፈው ጎህ ሲቀድ በመነሣት ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ተመለስ። ውኃ ለራስህና ለመሪህ ያዝ። ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ግን ጎርፉን ነው። ደጫቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል። በደጋው በደንገጎ በኩል ሲዘንብ ግን ከተማው ፀሐይ ሆኖ ሳለ እንኳ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ወስዶብናል። ደጋው ላይ ደመና ካየህ ወደ ሸለቆው አትውረድ፤ ክረምት ከሆነ ጭራሽ አትሞክረው።

ልጅህን ወደ ሐርላ ውሰደው፤ እየሮጠ ይደሰትበታል። የዋሻው አቀበት ግን ልቅ ድንጋይና ገደል ነው፤ መጀመሪያ ብቻህን ከመሪ ጋር ወጥተህ መንገዱን እይና ለእርሱ ይመቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ወስን። ከመውጣትህም በፊት ለአስተዳደሩ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቅ፤ መሪም ከዚያው ጠይቅ።