ለቢሮ ኤኢዲ ሲገዙ፦ ከማሽኑ ዋጋ በፊት የፓዱን ቀን ይዩ

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ከ6ኛ እስከ 9ኛ ፎቅ ተከራይተን እንሠራለን፤ ሠራተኞቻችን 140 ገደማ ናቸው። ልብ በድንገት ሲቆም የሚረዳውን አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር፣ ማለትም ኤኢዲ ለመግዛት ሁለት ፕሮፎርማ ሰብስበናል። የአንዱ ዋጋ የሌላው ግማሽ ነው። ርካሹን ብንገዛ ምን ይጎድልብናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱንም አቅራቢዎች ስለ ፓዱ ይጠይቁ። ፓድ ደረት ላይ ተለጥፎ ሾኩን፣ ማለትም ልብን ወደ ምቱ ለመመለስ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። ቆዳ ላይ የሚያጣብቀው ጄል ስለሚደርቅ እንደ ሥሪቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው፤ አንዴ ሰው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ይጣላል። የደረቀ ፓድ ቆዳ አይዝም፤ ማሽኑም ፓዱን አስተካክሉ እያለ ይደጋግማል እንጂ ሾክ አይሰጥም። ስለዚህ ማሽን በጣም ሲረክስ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፦ ፓዱ መጋዘን ውስጥ ከርሟል፣ ወይም አምራቹ ሞዴሉን ማምረት አቁሟል። ምርቱ ለቆመ ሞዴል ነገ ፓድ ፍለጋ ከተማውን ቢያስሱ ላያገኙ ይችላሉ።

የፓዱና የባትሪው ማብቂያ ቀን ፕሮፎርማው ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ በርክክቡ ዕለት ለፓዱ ቢያንስ 18 ወር ይቅረው። አንድ ጥንድ ትርፍ ፓድም አብሮ ይገዛ። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅ የማይደረግ ሊቲየም ስለሆነ መብራት መጥፋቱ አይነካውም። ሊቲየም በአውሮፕላን የሚጫነው ግን በልዩ ደንብ ነውና ትእዛዙ ሊጓተት ይችላል፤ ከማብቂያው 6 ወር ቀድመው ይዘዙ።

መሣሪያው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብም ይዩ፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድምፁ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ሥዕል ያለበትን ይምረጡ፤ ቅደም ተከተሉንም በአማርኛ ጽፈው ክዳኑ ላይ ይለጥፉ። ቁልፍ ተጭነው ሾክ የሚሰጡትም፣ በራሱ የሚሰጠውም ለቢሮ ይሆናሉ። ሁለቱም የልብ ምቱን ራሳቸው መርምረው ሾክ ካላስፈለገ አይሰጡም፤ «ሰው እንገድላለን» ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ደረት ካልተጫነና ሾክ ካልተሰጠ የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ሰው በወደቀ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሾክ እንዲያገኝ ያቅዱ። ፓድ መለጠፉና ምርመራው ወደ 1 ደቂቃ ስለሚወስድ ለምልልስ የሚቀረው 2 ደቂቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ሊቆም ስለሚችል በደረጃ ይለኩት። ምድር ቤት እንግዳ መቀበያ ጋ የተቀመጠ ማሽን 9ኛ ፎቅ ለወደቀ ሰው አይደርስም። 7ኛ ፎቅ ደረጃው አፍ ላይ ይሰቀል፤ ከ9ኛ ፎቅ የመጨረሻ ክፍል ወርዶ የሚመለስ ሰው ሰዓት ይያዝለት። 2 ደቂቃ ካለፈ ሁለተኛ ማሽን ያስፈልጋል።

ሣጥኑ በፍጹም አይቆለፍ። ንብረቱን የፈረመው ሰው እንዳይጠየቅበት ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች ብቻ ሲቀሩ ማሽኑ የለም ማለት ነው። ስርቆት ካሰጋ ሲከፈት የሚጮህ ሣጥን ይግዙ።

አብረውት መቀስ፣ ምላጭ፣ ፎጣና ጓንት ይቀመጡ። ፓዱ የሚለጠፈው በተራቆተና በደረቀ ቆዳ ላይ ብቻ ነው፦ አንዱ በቀኝ በኩል ከአንገት በታች ካለው አጥንት ሥር፣ ሌላው ከግራ ብብት በታች በጎን። የአንገት መስቀል ወይም ሐብል ወደ ጎን ይገፋ። የወደቀችው ሴት ከሆነች ጡት መያዣዋም ይቆረጥ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ሕይወት ያስከፍላል።

ሥልጠናው ጥበቃዎችንም ያካትት። አንዱ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ሲደውል፣ ሌላው ማሽኑን ሲያመጣ፣ ሦስተኛው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫን። ማሽኑ ራሱን በየጊዜው ይፈትሻል፤ ውጤቱን የሚያይ ሰው ግን በስም ይመደብ። ዘወትር ሰኞ አረንጓዴውን ምልክት አይቶ ይፈርም፤ ቀይ ከሆነ ወይም ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ካለ አቅራቢው በዚያው ዕለት ይጠራ።