እበት አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?

ውድ እህቴ፣ የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ እንደሆንሽና አማካሪሽ የላም እበት፣ የበግ በጠጥና የዶሮ ኩስ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎችና ኬሚካላዊ ይዘታቸውን እንድታጠኚ እንደሰጡሽ ጽፈሻል። ጓደኞችሽ የሆስፒታል ናሙና ስለያዙ ርዕሱን ላስቀይር ወይ፣ በዚህስ ማን ይቀጥረኛል ነው ጥያቄሽ።

አታስቀይሪ። «የእበት ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም፤ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ግን በእጅሽ ምን መሥራት እንደምትችዪ ነው። ከሆስፒታል ናሙና የሚያገኙት በአብዛኛው ባክቴሪያ ማሳደግና መለየት ነው። ያንን አንቺም ታገኚዋለሽ፤ በላዩ ላይ ኬሚስትሪው ይጨመርልሻል። በ105 ዲግሪ አድርቆ እርጥበትን ማወቅ፣ በ550 ዲግሪ አቃጥሎ አመዱን መመዘን፣ ናይትሮጅንን በኬልዳል ዘዴ መለካት። ዮሐን ኬልዳል ይህን ዘዴ በ1883 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ላብራቶሪ ሲሠራ ነው። ዛሬም የመኖ ፋብሪካ ናይትሮጅኑን በ6.25፣ የወተት ማቀነባበሪያ ደግሞ በ6.38 አባዝቶ የፕሮቲኑን መጠን ያወጣበታል። ሲቪሽ ላይ ይህን ጻፊ፤ የመኖ፣ የወተት፣ የቢራ፣ የአፈርና የውኃ ጥራት ላብራቶሪዎች የሚያነቡት እሱን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሥራሽ የተጣራ ከሆነ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚበላሽበት ደግሞ ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። እበቱን ትኩስ እያለ፣ አፈር ካልነካው ከመሀሉ፣ በተቀቀለ ማንኪያ ሳይሆን በአግባቡ ከጀርም በጸዳ ዕቃ ውሰጂ። በረዶ ባለው ሣጥን ይዘሽ በዚያው ቀን ላብራቶሪ አድርሺው፤ ካደረ የባክቴሪያው ቁጥር ይለወጣል። ናይትሮጅን የምትለኪበትን ክፍል አስቀድመሽ ምድጃ ውስጥ እንዳታደርቂው! አሞኒያው ተንኖ ይሄድና የዶሮው ኩስ ከእውነቱ ያነሰ ናይትሮጅን ያለው ይመስላል። ሌላው፣ ሜቴን የሚያመርቱት ተሕዋስያን ኦክስጅን ባለበት አይበቅሉም። ባክቴሪያ በምታሳድጊበት ተራ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ስላላየሻቸው «የሉም» ብለሽ አትደምድሚ። ጓንትም ሳታደርጊ አትንኪ፤ ሳልሞኔላ ጤነኛ ከሚመስል እንስሳም ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ እንድትጨምሪ አጥብቄ እመክርሻለሁ፤ ከትኩሱ እበት ጎን ኩበትና ከባዮጋዝ ጉድጓድ የሚወጣውን ዝቃጭ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ የባዮጋዙ ዝቃጭ ግን ናይትሮጅኑን ይዞ ማሳ ላይ መመለስ ይችላል። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበሬዎች ጓሮ የሠራቸው ጉድጓዶች ስላሉ ናሙና ማግኘት አያቅትሽም። ባለ ጉድጓዱ ገበሬ ዝቃጩን ጎመን ላይ ላፍስሰው ወይ ብሎ ቢጠይቅሽ መልስ የሚኖርሽ የባክቴሪያውንም የኬሚካሉንም ውጤት ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ነው። ለእኔ የርዕስሽ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ የባክቴሪያ ስም ዝርዝር ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ያሳዝነኛል።

ዩኒቨርሲቲያችሁ የኬልዳል መሣሪያ ከሌለው ወይም ከተበላሸ፣ ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ በአቅራቢያሽ ወዳለው የአፈር ላብራቶሪ ወይም እንደ ሆለታ ወዳለ የግብርና ምርምር ማዕከል ሂጂ። ደብዳቤውን ልከሽ አትቀመጪ፣ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ናሙናዬን ስትሠሩ አጠገባችሁ ልቁም ብለሽም ጠይቂ። ቴክኒሻኖቹ አብረሻቸው ስትሠሪ ካዩሽ፣ በኋላ ለምታመለክቺበት ቦታ የሥራሽ ምስክር የሚሆኑሽ እነሱ ናቸው። የኬሚካል ወጪ ክፈይ ሊሉሽ ስለሚችሉ የጥናት በጀትሽን ከማስገባትሽ በፊት ዋጋውን አጣሪ።