የወጣት ኦፔራ ዘፋኞች ኦዲሽን ከዳኞች ወንበር ሲታይ፦ ጥያቄና መልስ

ለኦፔራ ቤቶች የወጣት ዘፋኞች ማሠልጠኛ ተወዳዳሪዎችን በኦዲሽን (ዘፋኙ ፊታችን ዘፍኖ በሚፈተንበት መምረጫ) ከሚመርጡ ዳኞች አንዱ ነኝ። በዳኞች ጠረጴዛ ዙሪያ ምን እንደሚታሰብ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኋቸውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዳኞች ገና ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወስነው ይጨርሳሉ የሚባለው እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። የድምፁን ቀለም፣ የትንፋሹን መደላደልና ከኖታው ጋር መስማማቱን ለመገመት አንድ ሁለት ሐረግ ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ግምት ነው፤ የቀረው ጊዜ ግምቱ የሚፈተንበት ነው። ድምፁ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲሸጋገር ይሰበር እንደሆነ፣ በለሆሳስ ሲዘፈን ይደክም እንደሆነ፣ ዘፋኙም የሚለውን ቃል ተረድቶት እንደሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። እጅግ ያማረ ድምፅ ያለው ተወዳዳሪ ሁሉንም ስንኝ በአንድ ዓይነት ጉልበት ሲወጣው ሰምተን፣ የጀመርነውን የአድናቆት ማስታወሻ ሳንጨርስ የምንተውበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ አምስት አሪያ (በኦፔራ ውስጥ አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ) አዘጋጁ ተብለን የምንዘፍነው ሁለት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እንዴት ልምረጥ?

በአብዛኛው የመጀመሪያውን ተወዳዳሪው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ዳኞች ከዝርዝሩ ይመርጣሉ። ስለዚህ ዝርዝሩ ራሱ ከድምፅዎ ቀድሞ ስለ እርስዎ ይናገራል። አንዲት የ22 ዓመት ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) እ.ኤ.አ. በ1786 ከቀረበው የሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» የሱዛናን፣ እ.ኤ.አ. በ1791 ከቀረበው «አስማተኛው ዋሽንት» የፓሚናን አሪያ ዘርዝራ፣ ከሥር የፑቺኒን የቱራንዶትን አሪያ ብትጨምር፣ ድምፁን ሳንሰማው ዘፋኟ ራሷን ገና እንዳላወቀች ወይም መካሪ እንዳጣች እንጠረጥራለን። ቱራንዶት ከግዙፍ ኦርኬስትራ በላይ መሰማት ለሚችል፣ ዓመታት ላጠነከሩት ድምፅ የተጻፈ ነውና።

ለመጀመሪያው የሚመረጠው ጉንፋን ይዞዎት፣ እንቅልፍ አጥተው እንኳ በደህና የሚዘፍኑት ነው። ዝርዝሩ በቋንቋ፣ በዘመንና በፍጥነት ይለያይ፤ ነገር ግን ለማስደመም ሲባል የገባ አሪያ አይኑርበት፣ የምንጠይቅዎ እሱን ሊሆን ይችላልና። ከ«አስማተኛው ዋሽንት» የሌሊቷን ንግሥት ሁለተኛ አሪያ ከጻፉ ከከፍተኛው ዶ በላይ ያለችውን ፋ መስማት እንፈልጋለን፤ «ትናንት ወጥታልኝ ነበር» የሚለው ማመካኛ አይሆንም። ከሪቻርድ ሽትራውስ «አሪያድኔ በናክሶስ» የዘርቢኔታን አሪያ ያስገቡ ደግሞ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ከመካከሉ ጀምሩ ልንላቸው እንችላለንና ከየት እንደሚነሡ አስቀድመው ከፒያኒስቱ ጋር ይስማሙ።

ጥያቄ፦ ድምፄ ትንሽ ነው። ትልቅ ድምፅ ካላቸው ጋር እንዴት ልወዳደር?

በኦፔራ ማይክሮፎን ስለሌለ ዋናው ነገር ድምፁ ሩቅ መድረሱ እንጂ ቅርብ ላለ ሰው መግዘፉ አይደለም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ እንዳሳየው የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበረታው በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ሲሆን፣ የሠለጠኑ ዘፋኞች፣ በተለይም ወንዶች፣ በ3000 ኸርዝ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛሉ፤ ኦርኬስትራው በዚያ ከፍታ ደካማ ስለሆነ ድምፃቸው ሾልኮ ይወጣል። ሶፕራኖዎች ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ ይህን የሚያገኙት በሌላ መንገድ፣ የአፋቸውን ቅርጽ ከኖታው ጋር በማስማማት ነው። ስለዚህ ኦዲሽኑ በጠባብ ክፍል ከሆነ እኔ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ ትልቅ የመሰለ ድምፅ ከዚያ ሲሰማ ደብዝዞ ይገኛልና። ከትንሽነት ይልቅ የሚያሳስበን ድምፅን በግድ መግፋት ነው። በ23 ዓመቱ ረጅም ኖታ ሲይዝ ድምፁ የሚወዛወዝበት ዘፋኝ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ 29 ዓመት ሞልቶኛል፤ ዘግይቼ ይሆን?

እንደ ድምፅዎ ዓይነት ነው። ቀላል ሶፕራኖ ቀድማ ትበስላለች፤ ባስ የሚባለው ዝቅተኛው የወንድ ድምፅና ከባድ ድራማዊ ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላም ገና እያደገ ሊሆን ይችላል። ብዙ ማሠልጠኛዎች የዕድሜ ገደብ ስላላቸው መመሪያቸውን አስቀድመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ በመካከል «እናመሰግናለን» ተብዬ ከቆምሁ ወድቄያለሁ ማለት ነው?

አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ስላለቀ ወይም የፈለግነውን ስለሰማን ነው።

ጥያቄ፦ ዳኞች ሲጽፉ ቀና ብለው አያዩኝም፤ ዐይናቸውን እያየሁ ልዝፈን?

እባክዎ ይተዉት። ከእኛ ራስ በላይ ወዳለ አንድ ነጥብ ይመልከቱ። አንድ ቴነር (ከፍተኛ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ከሦስት ሜትር ርቀት ዐይኔ ውስጥ እያየ የፍቅር ልመና ሲያቀርብልኝ ወረቀቴ ላይ ማቀርቀሬ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትወናውን የሚያይለት ሰው አጣ ማለት ነው። የማናይ ስንመስል ግን ብዙ እናያለን፤ ከምናየውም አንዱ ከፒያኒስቱ ጋር የሚያሳልፉት ግማሽ ደቂቃ ነው። ገጾቹ ተያይዘው፣ የሚዘለሉት ክፍሎች በግልጽ ተሠርዘው፣ ፍጥነቱን የመጀመሪያውን ሐረግ ዝቅ ባለ ድምፅ አዚሞ የሚያሳይ ተወዳዳሪ አብሮት ሊሠራ የሚቻል ሰው መሆኑን ነገረን። ጣቱን እያንቋቋ ፒያኒስቱን የሚያጣድፍም እንዲሁ ነገረን።

ጥያቄ፦ ዳኞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን ይሆናል?

አለመስማማት የተለመደ ነው። የኦርኬስትራ መሪው ምቱን፣ አዘጋጁ የሰውነቱን እንቅስቃሴ፣ የድምፅ መምህሩ ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት፣ ተዋንያን የሚመድበው ኃላፊ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሚናዎች ያዳምጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዌልስ በሚካሄደው የካርዲፍ የዓለም ዘፋኞች ውድድር ዋናውን ሽልማት ድሚትሪ ኽቮሮስቶቭስኪ፣ የሊድ (በፒያኖ የሚታጀብ የጀርመን የግጥም ዘፈን) ሽልማቱን ብሪን ተርፌል ወሰዱ፤ ሁለቱም በዓለም ታላላቅ መድረኮች ነገሡ፤ ዋናውን ሽልማት ማጣቱ ተርፌልን አላስቀረውም። ለእኔ ሁለት ዳኞች የወደዱት፣ አንዱ አጥብቆ የተቃወመው ዘፋኝ ሁሉም «ደህና ነው» ካሉት ይልቅ የሚከራከሩለት ነው፤ ተቃዋሚውም የቆጠረው እንከን በሥልጠና የሚታረም ከሆነ የምርጫ ድምፄን ለዘፋኙ እሰጣለሁ። አንዳንዴ ግን ክርክሩ ስለ ዘፋኙ አይደለም፤ ለሁለት ሶፕራኖ ብቻ ቦታ ኖሮ ሁለቱም ከተያዙ፣ ሦስተኛዋ የቱንም ያህል ብትዘፍን የሚደርሳት ደብዳቤ ያው ነው። ስለዚህ አስተያየት መጠየቅ የሚፈቀድ ከሆነ ይጠይቁ፤ «ለምን አልተመረጥሁም» ከማለት ይልቅ «በሚቀጥለው ዓመት ብመጣ ከዝርዝሬ የትኛውን አሪያ ባወጣ ይሻላል» ቢሉን ቁርጥ ያለ መልስ ያገኛሉ።