መልስ፦ ጥር 11 ባሕሩ ውስጥ መግባት ዳግም ጥምቀት ነው?
ሰላም ወንድሜ። «በጥምቀት በዓል ጎንደር ፋሲለደስ ባሕር (በግንብ የተከበበው ገንዳ) ብገባ ዳግመኛ ተጠመቅሁ ማለት ነው? ኃጢአቴስ ይሰረያል?» ላልከው፣ አይደለም። ጥምቀት አንዲት ናት፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚቀበሏት አትደገምም። ጥር 11 የሚረጨው ጠበል የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅና የሥላሴን መገለጥ (ማቴ. 3፥13-17) እያሰብን የምንቀበለው በረከት ነው። የኃጢአት ስርየት መንገድ ያው ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ነው፤ ባሕሩ ውስጥ መዋኘት አይተካውም።

ብዙ ሰው ታቦቱን በእልልታ ያጅብና ሌሊቱን ይተኛል። የበዓሉ ልብ ግን እሱ ሌሊት ነው! ጥር 10 ገሃድ (የበዓሉ ዋዜማ ጾም) ነውና ጹም፤ ማኅሌቱንና ቅዳሴውን ቁም። የምትቆርብ ከሆነ ንስሐ አባትህን ቀድመህ አማክር፣ ጠበሉንም ከቁርባን በፊት አትቅመስ። ሲነጋ በባሕሩ ዳር ወንጌል ይነበባል፤ ውኃው በመስቀል ይባረካል። ጎረምሳው ይህ ሳያልቅ ከግንቡ እየዘለለ ይገባል፤ ጸሎቱን ይረብሻል፣ ሰው ላይም ይወድቃል። ዋና ካልቻልክ ዳር ቆመህ ብትረጭ ምንም አይጎድልብህም።

የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው። በ11 ግፊያው ካስቸገረህ ያን ቀን ና።